የጥሩዬ ንቀት

አክስቴ ጥሩዬ ሰው ትንቃለች ይባል ነበር። ይህን የሚሉት ደግሞ ተራ ወሬኞች አልነበሩም፤ የዕድር ዳኛ፣ የገብስ ነጋዴ፣ ሚስቶቻቸውና የሚስቶቻቸው ጎረቤቶች ነበሩ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ጀርባ ባለው ሰፈራችን፣ ብርዱ ጥርስ በሚያንገጫግጭበት ወር እንኳ፣ ሰው በር ላይ ቆሞ ስለ ጥሩዬ ንቀት ሲያወራ አይበርደውም ነበር። እኔም የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩና አመንኳቸው። ትልልቅ ሰዎች ኮስተር ብለው የሚናገሩት ሁሉ እውነት ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ኮስታራ ፊት ሳይ መጀመሪያ የማስበው ከጀርባው ምን አለ ብዬ ነው። ብዙውን ጊዜ ምንም የለም።

ጥሩዬ የአባቴ ታናሽ እህት ናት። አንኮበር አጠገብ ጎረቤላ ታስተምር ነበር፤ እዚያው ጌታሁን የሚባል የገብስ ነጋዴ አግብታለች። ልጅ አልወለዱም። አንድ ጥቅምት ላይ ጌታሁን ራሱ በመኪና አምጥቶ፣ ከነሻንጣዋ እኛ ቤት በር ላይ አወረዳት። እሱ አልወረደም። አባቴ ምህረቱ ሮጦ ወጥቶ፣ "ግባ እንጂ፣ ሻይ ቅመስ" ሲለው፣ በመስኮቱ በኩል፣ "እናንተው ጠይቋት፤ እኔ አፌን አላበላሽም" አለና ሞተሩን አስነሣ። ጥሩዬ ሻንጣዋን ይዛ ወደ ግቢው ስትገባ የቀኝ ትከሻዋን ከበሩ መቃን ጋር አጋጨች። "ይቅርታ" አለችው በሩን። እኔ ሳቅሁ። በር ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር።

ያን ዕለት ሳይመሽ የአባቴና የጥሩዬ ታላቅ ወንድም፣ አጎቴ ወልደ ሰንበት ደረሰ። የዕድራችን ዳኛ እሱ ነበር። ሰው ሲሞት ማን ድንኳን እንደሚተክል መወሰን፣ ሰው በሕይወት እያለም ለመፍረድ መብት የሚሰጥ ይመስለው ነበር። የአባቴ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ እኛ ቤት ሲመጣ ሁሌም እዚያው ነው የሚቀመጠው፣ አባቴም ሁሌም ይነሣለታል። ሚስቱ እትዬ ለተጊዮርጊስ አጠገቡ ሆነች። ጥሩዬ ጓዳ ተኝታለች፤ ራሷን በሻሽ ጥብቅ አድርጋ አስራ፣ ራስ ምታቱ ዐይኗን እንዳትገልጥ አድርጓታል። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ድንች እልጣለሁ፤ ማለትም አዳምጣለሁ።

"ወተት" አለ ጋሼ ወልደ ሰንበት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"የምን ወተት?" አለ አባቴ።

"ከእህትህ ጡት ነዋ! ጌታሁን በዐይኑ አይቷል። ቀሚሷ ርሶ።"

"ልጅ የላትም እኮ፣ ጋሼ።"

"እሱን እኮ ነው የምልህ። ወተት ያለ ልጅ የመጣው የት አገር ነው?"

እትዬ ለተጊዮርጊስ ከንፈሯን መጠጠች። "ልጁማ አንድ ቦታ አለ። ይኑር ይሙት እንጂ፣ አለ።"

እናቴ ወርቅነሽ በዚያ ቤት ውስጥ ከሁሉም አነስ ያለ ድምፅ ነበራት። "ባልና ሚስት አንድ አልጋ ላይ እየተኙ፣ መቼ አርግዛ መቼ ወለደች?" አለች።

የዕድሩ ዳኛ ጉሮሮውን ጠረገ። "የሴት ነገር አይታወቅም" ብሎ ዘጋው። ክርክሩ በዚህ አለቀ። እኔ ከዚያ ወዲህ ብዙ ስብሰባ አይቻለሁ፤ ምክንያት ያለው ሰው ጥያቄ ጠይቆ ተሸንፎ፣ ምክንያት የሌለው በጉሮሮ ጠረጋ ሲያሸንፍ ያየሁት ግን መጀመሪያ ያን ቀን ነው።

ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የጥሩዬ ልጅ አንድ ቦታ አለ።

ፍለጋ ጀመርኩ። መጀመሪያ ሻንጣዋን ከፈትኩ፤ ልብስና ጠመኔ ነበረበት። አልጋው ሥር ገባሁ። ከማገዶው ክምር ጀርባ፣ ከገብሱ ጎተራ ውስጥ፣ ከባሕር ዛፉ አጠገብ ካለው አሮጌ የዶሮ ቤት አየሁ። የዶሮ ቤቱ ልክ መሰለኝ፤ ጭድ ነበረውና ይሞቃል። ቁርሴ ላይ የተረፈኝን ዳቦ እዚያ ማስቀመጥ ያዝኩ። ስመለስ ዳቦው የለም። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ልጁ አለ፣ ይበላልም። የጎረቤታችን ቡኒ ውሻ በዚያ በጋ ለምን እንደወፈረ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

አንድ ቀን ጥሩዬ ዳቦውን ሳስቀምጥ ከኋላዬ ቆማ አየችኝ።

"ለማን ነው ሐንዬ?" አለችኝ። ወለተሐና የሚለውን ስሜን እንደዚያ የምታሳጥረው እሷ ብቻ ነበረች።

"ለልጅሽ።"

እዚያው የዶሮ ቤቱ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። ደረቷ ላይ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ፣ "ምን ዓይነት ልጅ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ፣ የእውነት ለማወቅ እንደፈለገች።

"ትንሽ ነው። ፀጉሩ ከርዳዳ ነው። አያለቅስም፤ ጨዋ ነው።"

"እሱስ ጨዋ ነው" አለች። "ዳቦውን ግን ተዪው። ብላው አንቺ።" ከዚያ ተነሥታ ወደ ቤት ስትሄድ የዶሮ ቤቱን ቋሚ እንጨት በግራ ክንዷ ገጨችው። እኔ ልጁን ወደ ሌላ ቦታ ልትወስደው ነው ብዬ አሰብኩ። ዛሬ ሳስበው፣ ቤት ሙሉ አዋቂ ከጀርባዋ ሲንሾካሾክ ከርሞ፣ ጉዳዩን ፊት ለፊት የነገራት ድንች ላጯ ብቻ ነበረች።

ንቀቷ ግን እየባሰ ሄደ። መንገድ ላይ ሰው ከጎኗ ሰላም ሲላት ዝም ብላ ታልፋለች። አንገቷ ቀጥ ያለ ነው፤ ፊት ለፊት ብቻ እያየች ነው የምትሄደው። ሻይ ሲቀርብላት ከትሪው ጫፍ ያለውን ብርጭቆ ትገፋና ትደፋዋለች፤ እትዬ ለተጊዮርጊስ፣ "አየሽ፣ የኛን ሻይ ተጸይፋ ነው" ትላለች። ገበያ ላይ ከሴቶች ጋር ትጋጫለች። አንድ ጫጩት ረግጣ ገደለችና ቀኑን ሙሉ ስታለቅስ ዋለች፤ ሰፈሩ ለዚያም ትርጉም አላጣም፤ "የልጇ ግፍ ነው" ተባለ።

እኔ ደግሞ በእሷ ምክንያት ታላቅ ኃይል አገኘሁ። ከፊቷ ቆሜ ቀስ እያልኩ ወደ ጎኗ ስጠጋ፣ አንድ ቦታ ላይ እጠፋለሁ። በእርግጥ እጠፋለሁ። "ሐንዬ? የት ገባሽ?" ትላለች፣ እኔ እጇ አጠገብ ቆሜ። ከሌላ ሰው ጋር ሞከርኩት፤ አይሠራም። እናቴ ጆሮዬን ይዛ ወደ ሥራዬ መለሰችኝ። ስለዚህ ኃይሉ ለጥሩዬ ብቻ የተሰጠኝ ነው አልኩ። እንዳይወሰድብኝ ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ለእውነቱ የቀረብኩት እኔ ነበርኩ፤ የቀረብኩትም ጠንቋይ የሆንኩ መስሎኝ ነው።

ጥር ላይ የማኅበሩ ተራ እኛ ቤት ደረሰ። ሳሎኑ ጢም ብሏል። ጥሩዬ ጠላ እየቀዳች መሐል ቆማለች። ጋሼ ወልደ ሰንበት ዘግይቶ ገባ፤ ሁልጊዜ የሚዘገየው ሲገባ ሰው እንዲነሣለት ነው። በጥሩዬ በስተቀኝ በኩል መጣና እጁን ዘረጋላት። "ታረቂኝ እንግዲህ" አለ፣ ሁሉም እንዲሰማው ጮክ ብሎ። ሳሎኑ ውስጥ ጫጫታ ነበር። ጥሩዬ ዘወር ሳትል ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ወደ ፊት ሄደች።

እጁ አየር ላይ ቀረ። ጫጫታው ቆመ። ያን እጅ እስካሁን አስታውሰዋለሁ፤ ወፍራም ቀለበት ያለበት፣ ዘርግቶት ቆሞ ወዴት እንደሚያደርገው ያጣው እጅ። በመጨረሻ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

"አያችሁ?" አለ። "አያችሁ አይደል? ይኼ የሰው ሥራ አይደለም። ጠበል ትሂድ።"

ጥሩዬ አልተቃወመችም። "ሐንዬ አብራኝ ከሄደች እሄዳለሁ" ብቻ አለች። ስለዚህ ከአጎቴ ጋር ሦስታችን በሚኒባስ ወደ አንኮበር ሄድን። ጎረቤላ ስንደርስ ጥሩዬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች፤ ያስተማረቻቸው ልጆች እንዳያዩዋት ይመስለኛል። ከዚያ በእግር ወደ ጠበሉ ወረድን። ጉሙ ከታች ከቆላው እየተነሣ ገደሉን ሞልቶታል፤ መንገዱ ጠባብ፣ ድንጋዩ የሚያዳልጥ ነው። አጎቴ ከፊት ከፊት ይሄዳል። ጥሩዬ እጄን እንደ ከዘራ ጨምቃ ይዛለች፤ ጠርዝ ላይ ስትደርስ እኔ እጎትታታለሁ። ገደሉንም ንቃው ነው አልኩ በልቤ።

ጠበሉን የሚያጠምቁት አባ ዘርአ ዳዊት የሚባሉ ሽማግሌ ካህን ነበሩ። ስንወርድ ከሩቅ ሲያዩን ቆይተዋል። አጠመቋት፤ ውሃው እንደ በረዶ ነው፤ ጥሩዬ አልጮኸችም፤ አልተንቀጠቀጠችም ማለት ግን አይደለም። ከዚያ መስቀላቸውን ከጎኗ በኩል ዘረጉላት። አልተሳለመችም። አጎቴ፣ "ይኸው! መስቀሉንም!" አለ። አባ ዝም በል በሚል ዐይን አዩትና መስቀሉን ቀስ እያደረጉ ወደ ፊቷ አመጡት። ልክ ፊት ለፊቷ ሲደርስ ጎንበስ ብላ ተሳለመችው። በሌላው ጎኗም ሞከሩ። እንደዚያው።

አጎቴን ወደ ዳር ጠሩት። እኔ እዚያው አጠገብ የጥሩዬን ነጠላ እጨምቅ ነበር።

"ዐይኗን ነው፣ ልጄ" አሉት። "ጠበሉን ትጠመቅ፣ እኔም እጸልይላታለሁ። ዐይኗን ግን ሐኪም ይይላት። አታቆዩአት።"

አጎቴ እጃቸውን ስሞ፣ "እሺ አባቴ" አለ።

ደብረ ብርሃን ስንደርስ አባቴ በር ላይ ጠብቆን፣ "ምን አሉ?" ሲል ጠየቀ።

"ዐይነ ጥላ ነው ብለዋል" አለ ወልደ ሰንበት።

እኔም በልጅ ራሴ አገናዘብኩት፤ አባም ዐይን ብለዋል፣ ጋሼም ዐይን ብሏል፤ ስለዚህ ልክ ነው። "ሐኪም" የሚለውን ቃል ጉሙ ውስጥ ጥሎት እንደመጣ የገባኝ ከስንት ዓመት በኋላ፣ ያንን ቀን ቃል በቃል ሳስታውስ ነው። ለምን እንዳደረገው ብዙ አስቤበታለሁ። ክፉ ስለሆነ አይመስለኝም፤ ክፉ ለመሆን እንኳ ትንሽ ማሰብ ይጠይቃል። ነገሩ በሽታ ከሆነ ግን፣ ያ ማኅበር ላይ የተዘረጋው እጁ የናቀው ሰው ሳይኖር ሊቀር ነው። የተናቀ ትልቅ ሰው መሆን፣ ያልታየ ትልቅ ሰው ከመሆን ይሻለው ነበር።

ስለዚህ ጥሩዬ በየሳምንቱ ወደ አንኮበር እየተወሰደች ከረመች። ራስ ምታቱ ባሰ። እናቴ የጡቷን ጨርቆች ሰው ሳያይ አጥባ ከባሕር ዛፉ ጀርባ ታሰጣ ነበር። እኔ ደግሞ የምጠፋበት ቦታ ወደ ፊቷ እየቀረበ መጣ፤ አሁን ብዙ መራቅ አያስፈልገኝም። ኃይሌ ጨመረ አልኩ።

ሚያዝያ ላይ፣ ወደ ደሴ በሚወስደው ትልቁ መንገድ ላይ፣ ጠራራ ፀሐይ እያለ ባጃጅ ገጫት። ከግራዋ ነው የመጣው። ባለ ባጃጁ ወጣት ጭንቅላቱን ይዞ ይጮሃል፤ "ክላክስ አድርጌያለሁ! እያየችኝ ነው የገባችብኝ! እናቴን ይንሳኝ፣ እያየችኝ ነው!" ከተሰበሰበው ሰው መሐል አንድ የሰፈራችን ሴት፣ "መኪናም ትንቃለች እንዴ?" አለች። ጥሩዬ አስፋልቱ ላይ ተቀምጣ የታጠፈ እጇን ይዛለች። ሳቁ። እኔ ሳቁን ሰምቼ ለምን እንደሆነ ባላውቅም ድንጋይ አነሣሁ፤ እናቴ ከእጄ አስጣለችኝ።

ሆስፒታል ያየቻት ሐኪም ሰላማዊት የምትባል፣ ጉንፋን የያዛት፣ በየመሐሉ አፍንጫዋን የምትጠርግ ወጣት ነበረች። እጇን በጄሶ ካሰረችላት በኋላ አልሸኘቻትም።

"ባጃጁን አላየሽውም?"

"አላየሁትም።"

"ቀን ነው፤ መንገዱ ሰፊ ነው።"

"ከየት እንደመጣ አላውቅም ዶክተር። ሁሉም ነገር እንደዚያ ነው። ድንገት ነው የሚመጣብኝ።"

ሐኪሟ ወንበሯን ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። "አፍንጫዬን ብቻ እዪ። ጣቴ ሲንቀሳቀስ ንገሪኝ" አለችና ሁለት እጆቿን እንደ ክንፍ ወደ ጎን ዘረጋች። ጣቶቿ ይወዛወዛሉ። ጥሩዬ ዝም። ጣቶቹ ወደ መሐል እየቀረቡ መጡ። ጥሩዬ ዝም። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ተናደድኩ፤ እንዴት ሐኪም ትንቃለች! "እዪ፣ ይወዛወዛል!" ልል አፌን ስከፍት እናቴ አፌን ያዘችኝ። ጣቶቹ የሐኪሟ ጆሮ አጠገብ ሲደርሱ ጥሩዬ፣ "አሁን" አለች።

ሐኪሟ እጆቿን አወረደች። ስትናገር ድምጿ ተለወጠ። "ራስሽን ያምሻል?"

"ሁልጊዜ።"

"የወር አበባሽስ?"

"ቆሟል። ቆይቷል።"

"እርጉዝ ሳትሆኚ፣ ሳትወልጂ፣ ከጡትሽ ወተት ይወጣል?"

ክፍሉ ውስጥ የእናቴ ትንፋሽ ተሰማኝ። ጥሩዬ ሐኪሟን አተኩራ አየቻት፤ ፊት ለፊት ያለውን ማየት አልተሳናትም ነበር። "ማን ነገረሽ?" አለች። ጎረቤላ ያለው ወሬ እዚህም የደረሰ መስሏት ነው።

"ማንም አልነገረኝም። ዐይንሽ ነው የነገረኝ።"

ከዚያ አስረዳቻት። ከአፍንጫ ጀርባ፣ ከአንጎል ሥር፣ ሽምብራ የምታህል ዕጢ አለች፤ ሆርሞን የምታመነጭ። አንዳንዴ እዚያ ላይ እብጠት ይበቅላል። ያ እብጠት የምታጠባ እናት ደም ውስጥ የሚበዛውን ሆርሞን ያለ ልክ ይለቃል፤ ወተቱ ይመጣል፣ የወር አበባው ይቆማል፣ ልጅ አይያዝም። ሲያድግ ደግሞ ከላዩ የሚያልፉትን የዐይን ነርቮች ይጫናል፤ ያኔ ሰው ፊት ለፊቱን እያየ ጎንና ጎኑን ያጣል። "በደም ምርመራና በራስ ምስል እናረጋግጣለን" አለች። "ግን ይመስለኛል። ብዙ ጊዜ ደግሞ በክኒን ይሟሽሻል።"

"እንደገና ንገሪኝ" አለች ጥሩዬ።

ሐኪሟ እንደገና ነገረቻት። ጥሩዬ ጄሶ ያለበትን እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ሰማች። አላለቀሰችም። "በር ላይ ወንድሞቼ አሉ" አለች። "ጥሪያቸውና ለእነሱም ንገሪልኝ።"

"የራስሽ ምስጢር ነው። ካልፈለግሽ..."

"ምስጢሬንማ ከጎረቤላ እስከ ደብረ ብርሃን ሰው ሁሉ ይዞታል። የጎደላቸው እውነቱ ነው።"

አባቴና ጋሼ ወልደ ሰንበት ገቡ። ሐኪሟ ሦስተኛ ጊዜ አስረዳች፤ ወረቀት ላይ ጭንቅላት ሥላ፣ ዕጢውን በእስክሪብቶ አክብባ። አባቴ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ወልደ ሰንበት የዕድር ፊቱን አድርጎ፣ ራሱን እየነቀነቀ፣ እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

"እሺ ዶክተር፣ ገብቶናል" አለ። "ልጁስ?"

"የቱ ልጅ?"

"የወተቱ ነዋ።"

ሐኪሟ አፍንጫዋን ጠረገች። እውነቱን ለመናገር እኔም ያንኑ ልጠይቅ ነበር። እኔ ግን ሰባት ዓመቴ ነበር።

ምርመራው አዲስ አበባ ተሠራ። ደሟ ውስጥ ያ ሆርሞን እንደ ጎርፍ ሞልቶ ተገኘ፤ ምስሉም ላይ እብጠቱ ታየ። ክኒን ጀመረች። መጀመሪያ ያጥወለውላትና ያስታውካት ነበር፤ እትዬ ለተጊዮርጊስ ትውከቱን ሰምታ፣ "አሁንማ የለየለት እርግዝና ነው" እንዳለች ሰምቻለሁ። ከዚያ ወተቱ ደረቀ። ራስ ምታቱ ለቀቃትና ሻሹን ፈታች። ሰኔ ላይ አንድ ጠዋት፣ እንደ ልማዴ ከጎኗ ቆሜ ጠፍቼ ሳለሁ፣ ዘወር ሳትል፣ "ሐንዬ፣ አፍንጫሽን አትጎርጉሪ" አለችኝ።

አለቀስኩ። ኃይሌ ተወስዶብኝ ነው። እሷ ዐይኗ ስለተመለሰ ደስ ብሎኝ ያለቀስኩ መስሏት አቅፋኝ አብራኝ አለቀሰች። እስከ ዛሬ አላረምኳትም።

መስከረም ላይ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሽማግሌዎች መጡ። ጌታሁን አዲስ ጃኬት ለብሷል። ወልደ ሰንበት እንደ ልማዱ የአባቴን ወንበር ያዘ። ጥሩዬ ከፊታቸው በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

"እንግዲህ" አለ ወልደ ሰንበት፣ "በሽታ መሆኑ ታውቋል። በሽታ ደግሞ ከፈጣሪ ነው። እኛም ተነጋግረን፣ ይቅር ብለንሻል።"

"ምኔን?" አለች።

"እ?"

"ምኔን ነው ይቅር ያላችሁኝ?"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ጌታሁንን ጎርበጥ አለው። "ያለፈው አልፏል ጥሩዬ። ቤትሽ ክፍት ነው።"

"ጌታሁን፣ አራት ዓመት አንድ አልጋ ላይ ተኝተናል። ሆዴ ሲገፋ አይተሃል?"

"አላየሁም።"

"ምጥ ሰምተሃል?"

"አልሰማሁም።"

"ታዲያ ልጁን ከየት አመጣኸው?"

ጌታሁን ወደ ወልደ ሰንበት አየ። "ሽማግሌዎቹ... ያው ስንመካከር..."

"ከሽማግሌዎቹ ነው የወለድከው?"

እናቴ ከጓዳ ሳቋ አመለጣት። ወልደ ሰንበት ብድግ አለ። "ተመልከቱ! ሰው ትንቃለች ስንል ውሸት ነው?"

ጥሩዬ ቀና ብላ ከዳር እስከ ዳር አየቻቸው፤ በቀኝ በኩል በሩ ጋ ከተቀመጠው ሽማግሌ ጀምራ፣ በግራ በኩል መስኮቱ ሥር እስካለው ድረስ። "ያን ጊዜ ውሸት ነበር" አለች።

እስኪገባቸው ትንሽ ቆየ። ሲገባቸው ኮፍያቸውን ፈለጉ።

ወንዶቹ ከወጡ በኋላ እትዬ ለተጊዮርጊስ ብርጭቆ ላነሣሣ ብላ ቀረች። ብርጭቆዎቹን አነሣች፤ መልሳ አስቀመጠቻቸው። በሩን አየች። ከዚያ ሻርፗን ከአንገቷ ፈታች። ጉሮሮዋ ላይ፣ ወደ አንድ ጎን፣ የዶሮ እንቁላል የሚያህል እብጠት ነበር። ስትውጥ አብሮ ወደ ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል። እኔ ዐይኔን መንቀል አቃተኝ።

"መቼ ጀመረሽ?" አለች ጥሩዬ።

"ቆይቷል። እሱ ውፍረት ነው ይለኛል።" ድምጿ ሻካራ ነበር፤ እኔ ሁልጊዜ ከቁጣ የተነሣ ይመስለኝ ነበር። "አሁን አሁን ምግብ አላልፍ ይለኛል። ያቺ ሐኪምሽ... እኔንስ ታየኝ ይሆን?"

በሰፈሩ ውስጥ ጥሩዬን በአፏ ያላነሣችበት ቀን ያልነበረ ሴት ናት። ጥሩዬ ፊቷን ታዞራለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብታዞር ደስ ይለኝ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ደስ የሚለኝ ይመስለኛል። ጥሩዬ ግን ጠጋ ብላ በጣቷ ጫፍ እብጠቱን ዳሰሰችው፤ ለማየት ሻርፑን የበለጠ ገለጠችው። ሐኪሞቹ መጥፎ ዕጢ መሆኑን በመርፌ ወስደው አረጋግጠው፣ ሳይሠራጭ አወጡላት፤ ይኼ የሆነው ቆይቶ ነው። ዛሬም በሕይወት አለች፤ በየጠዋቱ አንዲት ክኒን ትውጣለች። ባሏም ለሰው ሲያወራ፣ ሁለቱንም ያሳከምኳቸው እኔ ነኝ ይላል። ሰሚ ያገኛል፤ እንደሱ ያለ ሰው ሰሚ አያጣም።

"ነገ ጠዋት እንሄዳለን" አለቻት ጥሩዬ።

"ምን ብዬ ነው ከቤት የምወጣው?" አለች እትዬ ለተጊዮርጊስ፣ ሻርፗን መልሳ እየጠመጠመች። "እሱ ሐኪም ቤት አይወድም። የት ነው የምትሄጂው ይለኛል። ምን ልበለው?"

ጥሩዬ ብርጭቆዎቹን ተቀበለቻት።

"ንቄህ ነው በይው።"